ለመቶ አለቃው የነገርኩት

ይመርዬ፣ የዘምዘም አባት፣

አፈር ካለበስንህ ዛሬ ሰባት ወር ሞላ። ሰላምታ ለሕያው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሳልሰላምህ ወሬ መጀመር አልችልበትምና አሰላሙ አለይኩም። በሕይወት ሳለህ አንድ ቀን እንኳ ጽፌልህ አላውቅም። ደሴ ታስረህ በነበረ ጊዜም ስንቅ እንጂ ደብዳቤ አልላክሁልህም። ለምን እንደሆነ ዛሬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ስማ። ዘምዘም ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። እየዋለ እያደረ አንተን መስላለች፤ ሰው ሲጠይቃት ዓይን ዓይኑን እያየች ቶሎ አለመመለሷ ራሱ ያንተ ነው። የበሰበሰውን የጣሪያ ማገር አስቀይሬዋለሁ። የምሠራበት ክሊኒክ እንደተውከው በሰው እንደታጨቀ ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ ትንሽ ቢያካፋም ከቆላ የሚወጣው ሰው አላባራም። ጎረቤታችን ሰይድ ከነቤተሰቡ ለሰፈራ ተጭኖ ሄደ። ወዶ ይሁን ተገዶ የሚጠይቅ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ መጣብኝ። አንደኛ ጊዜ መንጃ ፈቃድህን መልሺ አለኝ፣ መለስኩ። ሁለተኛ ጊዜ ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ሄደ። ያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

እኔን ታውቀኛለህ። ሰው በሬን ሲያንኳኳ ከፊቱ በፊት የማየው እጁን ነው፤ ምን ይዞ መጣ ብዬ። ለለቅሶህ የመጣውን ሁሉ፣ የምር ያለቀሰውን ጭምር፣ ማን ላከው እያልኩ ነው የሸኘሁት። አንተን ያስታመምኩህ ጊዜ እንኳ፣ ተስቦው አናትህ ላይ ወጥቶ ስትቃዥ፣ ጆሮዬን አፍህ ላይ ለጥፌ የማንን ስም ይጠራ ይሆን እያልኩ አዳምጥ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን እውነት ነው።

ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ሳምንት የመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው። ስለእሳቸው ከመንገሬ በፊት ግን የበረሃውን ጉዞ ከእኔ በኩል ልንገርህ። አንተ የምታውቀው ከመሪው ኋላ ሆነህ ያየኸውን ነው። እኔ ያየሁትንና ያደረግሁትን አሥር ዓመት ሙሉ አልነገርኩህም።

መሬት ላራሹ የታወጀ ሰሞን ነበር። ክፉው ቀን ደጋውን ገና አልለቀቀም፤ በረሃው ደግሞ ብሶበት ነበር። የአፋር ሰው ከብቱ አልቆበት፣ መኪና መንገድ በማያውቀው አገር አንድ የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ተሰብስቦ እያለቀ ነው ተባለና ደሴ ላይ ሁለት ላንድሮቨርና አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተዘጋጁ። የወተት ዱቄት፣ መድኃኒትና ክትባት ተጫነ። አንተ በወጣትነትህ እዚያ ቆላ ጥጥ እርሻ ላይ ስትነዳ ስለኖርክ መሬቱንም ቋንቋውንም ያውቃል ብለው ከመካነ ሰላም ጠሩህ። ለሴቶቹ ቁስል የምታጥብ፣ ክትባት የምትሰጥ ሴት ድሬሰር ታስፈልጋለች ሲባል እኔም ተጻፍኩ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አንተ ግን በማግስቱ «ሐዋ፣ አንቺ ቅሪ፤ በረሃው አይሆንሽም» አልከኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ሳስቶልኝ ነው ትል ነበር። እኔ ግን ለምን እንድቀር ፈለገ አልኩ።

አንድ የማታውቀው ነገር ነበር። ዘምዘምን ከፀነስኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ከዚያ በፊት አንዱ ወርዶብኝ ስለነበር፣ ሦስት ወር ሳይሞላ አልናገርም ብዬ ሆዴን ይዤ ነው መኪናው ላይ የወጣሁት።

ስምንት ሰዎች ነበርን። አዛዡ መቶ አለቃ፣ ሁለት ወታደሮች፣ አንደኛው ሁለተኛውን ላንድሮቨር የሚነዳ፣ የኤንትሬው ሹፌር፣ መንገድ መሪው ሁመድ፣ አንተና እኔ፣ ስምንተኛው ደሴ ላይ የተቀላቀለን መዝጋቢ። ካሳ ነው ስሙ ተባልን። ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ጽሕፈት የሚችል ሰው አውቃለሁ ብለህ። ቀይ፣ ጺሙ የተንዠረገገ፣ መዳፉ እንደ ሕፃን የለሰለሰ ሰው ነበር። ካሳ ተብሎ ሲጠራ ሦስት ጊዜ ካልደገሙለት አይዞርም ነበር። ይህንን ገና ባቲ ሳንደርስ ነው ልብ ያልኩት።

ሚሌን ካለፍን በኋላ አስፋልቱን ትተን ወደ ምሥራቅ ተገነጠልን። ከዚያ ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር የለም። አንተ ፊት ትሄዳለህ፣ ሁመድ አጠገብህ ተቀምጦ በእጁ ያሳይሃል፤ ግራ ሲል ግራ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ። አሸዋው ሲመጣ ወርደህ የጎማውን ነፋስ ታስተነፍሳለህ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ ጎማውን እንዳይቀደው በእጅ ፓምፕ መልሰህ ትሞላለህ። ከንጋት እስከ ረፋድ እንነዳለን፤ ከዚያ ሞተሩም ሰውም ስለማይችል እስከ አሥር ሰዓት ኤንትሬው ስር ተጋድመን እንውላለን። ጨው ያበቀለ ነጭ ሜዳ ስንደርስ ሁሉንም አስቁመህ ዱላ ይዘህ በእግርህ ቀደምክ። ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ስሩ ጭቃ ነው አልክ። የኤንትሬው ሹፌር አልሰማህም። የኋላ ጎማው እስከ ወገቡ ገባ፤ የብረት ሳንቃ እያነጠፍን ግማሽ ቀን ቆፈርን። አንተ አንድ ቃል አልተቆጣህም፣ አካፋ ይዘህ ከሁሉም በፊት ጉድጓድ ውስጥ ገባህ። የዚያን ቀን ስትሠራ አይቼ እንደገና ነው የወደድኩህ። ወድጄህ ነው የጠረጠርኩህ፣ ይመርዬ። የማልወደው ሰው የት እንደሚሄድ ምን ግድ ይሰጠኝ ነበር?

ደሴ ላይ ጭነቱ ሲጫን ሁለት ጀሪካን ውሃና አንድ ጀሪካን ቤንዚን ከወተት ዱቄቱ ጆንያ ስር ስታስገባ አይቼሃለሁ። መዝገብ ላይ የሉም፤ ዝርዝሩን አይቼ አረጋገጥኩ። ከሁመድ ጋር በአፋርኛ ስታወራ እኔ ስደርስ ትቆርጣለህ። ሦስተኛው ነገር ካሳ ነው። ከአንድ ሳህን አብራችሁ ስትበሉ ቁራሹን ከአንተ እጅ ሳያፍር ሲቀበል፣ ይህ ሰው ከእኔ በፊት ያወቀው ነው አልኩ። ያን ጊዜ መኪና ይዞ ጅቡቲ የገባ ሹፌር ወሬ በየሻይ ቤቱ ነበር። ነገሩን ገጣጠምኩት። ባሌ ከዚህ ሰው ጋር ሊጠፋ ነው፣ ቅሪ ያለኝም ለዚያ ነው፣ እኔን በረሃ ላይ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ከሆዴ ልጅ ጋር።

አንተን መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁህም። ብትዋሸኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ኤንትሬው ስር አርፋችሁ ሳለ፣ መቶ አለቃው ብቻውን ላንድሮቨሩ ጥላ ስር ተቀምጦ ሬዲዮ ይነካካ ነበር። ሄድኩ። «ጌታዬ፣ ከጆንያው ስር በመዝገብ የሌለ ውሃና ቤንዚን አለ» አልኩት። በዚያ ብተው ምን ነበር። «መዝጋቢውም ካሳ የሚባል አይመስለኝም፣ በስሙ ሲጠሩት አይሰማም» ብዬ ጨመርኩ። መቶ አለቃው አመሰገነኝ። ከእኔ ሰማሁ እንዳይል ለመንኩት፣ እሺ አለ።

የሆነውን ታውቃለህ። ጆንያው ወረደ፣ ጀሪካኖቹ ወጡ። «ለክፉ ቀን ብዬ ነው፣ በረሃ አውቃለሁ» አልክ። ውሃው ሁሉ በወታደር ጥበቃ ስር ሆነ፣ የመኪናህ ቁልፍ ተወሰደ። መቶ አለቃው የካሳን እጅ ገልብጦ አየና «ነገ ጧት ስለ አንተ በሬዲዮ እጠይቃለሁ» አለው። ጎህ ሲቀድ ካሳ የለም። ይዞት የሄደው ወገቡ ላይ የነበረችውን ኮዳ ብቻ ነው።

ከዚያ ፍለጋው። ቁልፉን መልሰው ሰጡህና አንተው ንዳ አሉህ፤ ወታደሩ ከጎንህ፣ እኔ ከኋላ። የእግሩ ዱካ አሸዋው ላይ ጎልቶ ይታይ ነበር፣ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ። አንተ ዱካውን ተከትለህ ነዳህ፤ ሌላ ምን ታደርግ?  ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ስንደርስ ዱካው ጠፋ። ወታደሩ «ተመለስ» ሲል ትንፋሽህን ስታወጣ ሰማሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሊጠፋ የነበረው አንተ አልነበርክም። አንተ ሰው እያሻገርክ ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ደረስን፤ ሥራችንንም ሠራን። ስድስት ቀን ሕፃናት ከተብኩ፣ ወተት በጥበጥኩ። አንተ ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ ታመላልስ ነበር፤ ሁለት ወታደር አብሮህ። የዳነ ሰው ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ስንመለስ ደሴ መግቢያ ላይ አወረዱህና ወደ እስር ቤት ወሰዱህ። እርጉዝ መሆኔን የነገርኩህ ያኔ ነው፣ በወታደር ፊት። ፈገግ አልክ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ ምን ማለት እንደነበር አልደረስኩበትም።

ታስረህ ሳለህ ነው ካሳ የተባለው ሰው ደምሴ መሆኑን የሰማሁት። በአዋጁ ሰሞን ይፈለግ የነበረው፣ የወግዲው የግራዝማች አስፋው ልጅ። አዲስ አበባ ስላደገ መልኩን አላውቀውም ነበር። አባቱን ግን አውቃቸው ነበር። አባቴ ሁሴን የእሳቸው ጭሰኛ ነበር። በክፉው ቀን እህል ቢሰጡኝ ብሎ ደጃቸው ሦስት ቀን ተቀምጦ በሦስተኛው ቀን እዚያው ሞተ፤ ጎተራው ሙሉ ነበር። ስለዚህ ደምሴ መሆኑን ስሰማ ሐዘኔ ወደ ቂም ተቀየረ። አባቴን የገደሉትን ሰው ልጅ ከእጅህ አጎረስከው አልኩ። ደብዳቤ ያልጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ዘምዘም ተወልዳ አርባ ቀኗ ሲሞላ ተፈተህ መጣህ። ማን ተናገረ ብለህ አልጠየቅህም። እኔም ለምን አሻገርከው ብዬ አልጠየቅሁም። ደምሴ ጅቡቲ ገብቶ ሀብታም ሆኗል የሚል ወሬ ስሰማ አመንኩት፤ ማመኑ ይመቸኝ ነበር።

አሁን ወደ አሮጊቷ ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ እናት ደጅ ቆመው «የይመር ቤት ይህ ነው?» አሉ። እጃቸውን አየሁ፣ ባዶ ነው። ሊቀመንበሩ የላካቸው መሰለኝና «ምን ፈለጉ?» አልኳቸው፣ ግቡ እንኳ ሳልል። ከወግዲ በእግራቸው ሁለት ቀን መጥተው ነው። በላይነሽ እባላለሁ አሉኝ። ሞቷል ስላቸው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

ወግዲ ሲሉ ሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት። በየዓመቱ ኅዳር ላይ በግ ልገዛ እያልክ ወግዲ ሁለት ቀን ትውል አልነበር? አንዳንዴ ያለ በግ ትመለስ ነበር። ሴት አለችው ብዬ ነበር፣ ይመርዬ። አንድ ጊዜ ሰው ልኬ አስጠይቄብሃለሁ። ሴቷ እኚህ ነበሩ። የደምሴ እናት።

እንዲህ አሉኝ። «ደምሴን ስወልደው ጡቴ አልወርድ አለ። ያጠባችው የይመር እናት ናት፤ ሁለቱን በሁለት ጡቷ ነው ያሳደገቻቸው። ይመር የእኔም ልጅ ነው።» ቀጠሉ። በጉዟችን አራተኛው ቀን ላይ መንገድ ልሰልል ብለህ ከሁመድ ጋር ቀድመህ ልትነዳ፣ በተደበቀው ቤንዚን ደምሴን የሁመድ ዘመዶች ያሉበት ጉድጓድ ጋ ልታደርሰው፣ ውሃውን አስይዘኸው ልትመለስ ነበር ሐሳብህ። ደምሴ ግን በእግሩ ሄደ። የሁመድ ዘመዶች ሬሳውን ያገኙት ከሄደ በአምስተኛው ቀን ነው። ከጉድጓዱ የቀረው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። እነሱው ቀበሩት። አንተ ይህን ከእስር በወጣህ ዓመት ሰምተህ፣ መርዶውን ራስህ ሄደህ አረዳሃቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትጎበኛቸው ነበር።

«ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኝ ነበር» አሉ። «‹እማማ፣ ነገሩ የወጣው ከእኔ ቤት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ በሉኝ› ይለኛል። ከቤትህ ማን? ብዬ አልጠየቅሁትም። እኔም እሺ አላልኩት፤ አንጀቴ አልታዘዝልህ አለኝ። አሁን አፉ ልለው ነበር የመጣሁት።»

ከእኔ ቤት። ስለዚህ ታውቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ? መቶ አለቃው ነገረህ? ወይስ ያን ቀን ፊቴ ላይ አነበብከው? አሥር ዓመት አንድ ማዕድ ላይ በላን። ስታመም አስታመምከኝ፣ ከመንገድ ስትመለስ ለእኔ ያላመጣህበት ቀን የለም። ያን ሁሉ ዘመን ግን አንድም ምስጢር አልነገርከኝም። እኔ ሰላም ነው ብዬ ነበር። አሁን ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራው ቀን፣ ክሊኒክ ቁስል እያጠብኩ፣ ይቅር ብሎኝ ነው ወይስ ፈርቶኝ ነው እላለሁ። መልሱ ከአንተ ጋር ሄዷል። ከጥርጣሬዎቼ ሁሉ ይኸኛው የሚገባኝ ቅጣት ነው።

አሮጊቷን ዝም ብዬ መሸኘት እችል ነበር። «እኔ ነኝ የተናገርኩት» አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን አፈሩ ላይ አጋደሙ። ከዚያ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የሁሴን። ደጃችሁ ላይ የሞተው።»

«ከግንቡ ስር ተቀምጦ የነበረው» አሉ ቀስ ብለው። «ሳል ነበረበት። ግራዝማች አትክፈቺ አሉኝ እንጂ የጎተራው ቁልፍ ከእኔ ዘንድ ነበር። ሳሉን ከውስጥ እሰማው ነበር።»

 እሳቸውም አፉ አላሉኝ፣ እኔም አላልኳቸው። በኋላ «እግሬ አብጧል፣ ዛሬ መሄድ አልችልም» አሉኝ። ውሃ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ እግራቸውን ዘፈዘፍኩ፤ የፈነዳውን አጽድቼ በፋሻ አሰርኩላቸው። ሦስት ቀን ተቀመጡ። መቃብርህ ላይ ወሰድኳቸው፤ እሳቸው በእሳቸው ሃይማኖት እኔ በእኔ፣ ጎን ለጎን ቆምን። በአራተኛው ቀን ወደ ወግዲ የሚሄድ የጭነት መኪና ለምኜ አሳፈርኳቸው። ሊቀመንበሩ ከሩቅ ቆሞ ያየን ነበር። ይይ ብዬ ተውኩት።

ይመርዬ፣ ቃሌን ስማ። ኅዳር ሲገባ ወግዲ የምወርደው እኔ ነኝ። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም እሄዳለሁ። በየሐሙሱ ዱዓ ላይ ስምህን ስጠራ የደምሴን አስከትላለሁ፤ አባቴንም አልተውም፣ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ እጠራለሁ። ዘምዘም አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር እያለች መጠየቅ ጀምራለች። እስካሁን ጎበዝ ሹፌር ነበር ብያት አልፌአለሁ። ትንሽ ከፍ ስትል የጡት ወንድምህን ልታድን ምን እንዳደረግክ እነግራታለሁ። የአንተን ለመንገር የእኔን መንገር አለብኝ፤ አስቀርቼ የማልፈው የለም። ሰምታ ብትሸሸኝም ትሽሽ። አንተን ግን ሙሉውን ታውቅሃለች።

ሚስትህ ሐዋ፣
ከመካነ ሰላም